የቻይና ሊቃውንት አፍሪካን ማጥናታቸውና የእኛ ነጋዴዎች ድርሻ

ንግድ ማለት ዕቃን በገንዘብ መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ አስቀድሞ ሰው ሰውን ማወቅ ነው። የጎጃምና የበጌምድር ሲራራ ነጋዴዎች ሰም፥ ዝባድና ቡና ጭነው ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ሲወርዱ፥ የሚደርሱበትን አገር ቋንቋ፥ ሚዛንና ልማድ ጠይቀው ይረዱ ነበር። የገበያውን ጠባይ ሳያውቅ የሄደ ሰው ዕቃውን ቢሸጥም እንኳ ትርፉን ለደላላ ትቶ ይመለሳል። ይህን አሮጌ ጥበብ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ መደርደሪያውን የሚመለከት ሰው፥ ከጃንጥላው እስከ እጅ ስልኩ፥ ከሴራሚኩ እስከ ውሃ መሳቢያ ሞተሩ፥ ከልጆች መጫወቻ እስከ መኪና መለዋወጫው ድረስ ብዙው ዕቃ ከቻይና የመጣ መሆኑን ይረዳል። በበኩላችንም ከመተማና ከሑመራ ቆላ ለሚሰበሰበው ሰሊጥ የቻይና ገበያ ከዋናዎቹ ገዢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ ይህን ያህል ከሚሸጥልንና ከሚገዛን ሕዝብ ጋር ስንገናኝ፥ ከሁለታችን ማን ማንን ያውቃል? ብሎ መጠየቅ የሚገባ ይመስለናል።

መልሱን ሳንሸሽግ እንናገር። እነሱ እኛን ለማወቅ ከስልሳ ዓመት በላይ በሥርዐት ሲደክሙ ቆይተዋል፤ እኛ ግን እነሱን ለማወቅ የሚገባንን ሥራ ገና አልጀመርነውም ማለት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የእነሱን ድካም በአጭሩ ለማስረዳትና ከዚያም ለእኛ ንግድ የሚሆነውን ትምህርት ለማውጣት ነው።

የቻይና አንባቢ ስለ አገራችን በሰፊው ከሰማባቸው ጊዜያት የመጀመሪያው ፋሺስት ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1935 የወረረችን ጊዜ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1931 ማንቹሪያን ከያዘች ወዲህ ቻይና ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ ፍርድ ያጣች አገር ስለ ነበረች፥ ጋዜጦቿና መጽሔቶቿ የኢትዮጵያን ጦርነት እንደ ራሳቸው ጉዳይ ቈጥረው ጻፉ። ነገር ግን ያ ጽሑፍ የወዳጅነት ስሜት እንጂ ገና ጥናት አልነበረም።

ጥናቱ በሥርዐት የተጀመረው ዘግየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1961 ማኦ ዜዱንግ ከአፍሪካ የመጡ እንግዶችን ሲቀበሉ፥ አፍሪካን በሚገባ እንደማያውቁ ሳያፍሩ ገልጠው፥ ጉዳዩን የሚያጠና ተቋም መመሥረት እንደሚገባ ተናገሩ። ከዚያም ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በጁላይ 4 ቀን 1961፥ በቤጂንግ የምዕራብ እስያና የአፍሪካ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም የአንድ ታላቅ አገር መሪ አለማወቁን ማመኑ ነው። አላውቅም ያለ ሰው ይማራል፤ ዐውቃለሁ ያለ ሰው ግን ባለበት ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የእስያና የአፍሪካ ጥናት ተቋም አቋቋመ፤ በዚያው ዘመን በናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ማጥናት ተጀመረ። ስዋሂሊና ሐውሳ የመሳሰሉት ቋንቋዎችም በቤጂንግ ትምህርት ቤቶች ይሰጡ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1976 በቈየው የባህል አብዮት ትምህርት ሁሉ ተስተጓጐለ፤ ብዙ መምህራንም ከሥራቸው ተለይተው ወደ ገጠር ወረዱ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን እንኳ ከእንግሊዝኛ፥ ከፈረንሳይኛና ከሩስኛ የተጻፉ የአፍሪካ የታሪክ መጻሕፍትን ወደ ቻይንኛ የመተርጐሙ ሥራ ጨርሶ አልተቋረጠም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደገና ታደሰ። አፍሪካን የሚያጠኑ ሊቃውንትና የታሪክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 የየራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1998 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ማዕከል ከፈተ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሊ አንሻን የተባሉት የታሪክ ሊቅ፥ አገራቸው በሃያኛው መቶ ዓመት ስለ አፍሪካ የሠራችውን ጥናት ሁሉ መርምረው፥ ጥሩውንና ጉድለቱን ለይተው እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። የራሱን መዝገብ የሚመረምር ነጋዴ ኪሳራውን ቶሎ እንደሚያገኝ ሁሉ፥ የራሱን ሥራ የሚመረምር ሊቅም ጉድለቱን ቶሎ ያርማል።

ለእኛ አንባብያን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን ከዚህ ቀጥሎ የምንነግረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዤጂያንግ መምህራን ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የአፍሪካ ጥናት ተቋም አቋቋመ። ይህ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በጂንኋ ከተማ ነው። የእኛ አስመጪዎች ስሟን የሚያውቋት ዪዉ የምትባለው የገበያ ከተማ ደግሞ በዚሁ በጂንኋ አስተዳደር ሥር ያለች ናት። የዪዉ ሰዎች ዱሮ ቀይ ስኳር በትከሻቸው ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ በዶሮ ላባ የሚለውጡ ምስኪን ነጋዴዎች ነበሩ፤ ገበያቸው በይፋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዛሬ ከአፍሪካ የሚሄደው ነጋዴ ሁሉ የሚደርስባት ሆናለች። እንግዲህ ገበያው በአንድ ወገን፥ ገዢውን የሚያጠናው የሊቃውንት ቤት በሌላ ወገን ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ነው። እኛ ወደ ዪዉ ስንሄድ የምናየው ገበያውን ብቻ ነው።

ሥራው በዚህ አላበቃም። የቻይናና የአፍሪካ የትብብር መድረክ እ.ኤ.አ. በ2000 በቤጂንግ ሲጀመር፥ ሁለተኛው የሚኒስትሮች ጉባኤ በዲሴምበር 2003 በአዲስ አበባ ተደረገ። የሁለቱ ወገን የጥናት ተቋሞች የሚገናኙበት ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በዤጂያንግ ተጀምሮ፥ ሁለተኛው በ2012 በእኛው በቢሾፍቱ ተሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 የቻይና አፍሪካ ተቋም የተባለ አዲስ ድርጅት በቤጂንግ ተመረቀ። ታንግ ሺያዎያንግ የተባሉት የጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ መምህር የቻይና ኩባንያዎች በአፍሪካ እንዴት እንደሚሠሩ እየተዘዋወሩ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2021 መጽሐፍ አሳትመዋል። አማርኛም በቤጂንግ የውጭ ቋንቋዎች ዩኒቨርሲቲ ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ይህን ሁሉ ስንናገር የቻይናን ሊቃውንት ያለ ልክ ለማመስገን አይደለም። ብዙው ጥናታቸው ከመንግሥታቸው ፍላጎት ጋር ተያይዞ የሚሄድ ነው፤ ለረዥም ጊዜ አፍሪካን ሳይረግጡ ከሌላ ሰው መጽሐፍ የጻፉ አሉ፤ የአፍሪካን ቋንቋ የሚያውቁትም ጥቂቶች መሆናቸውን የራሳቸው ሊቃውንት ነቅፈውታል። ነገር ግን ጥቅምን ተከትሎ ማጥናት የቻይና ብቻ ልማድ አይደለም። ለዚህ ምስክር ለመፈለግ ከጣና ዳር ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ፥ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በጥቁር ዓባይ፥ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን መፍሰስ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቷል። ከዚያም በኋላ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በቈዩበት ጊዜ የጣናን ዳርቻ፥ ደሴቶቹንና የዓባይን በረሃ እየዞሩ ካርታ አንሥተው፥ በ1936 መጽሐፍ አሳተሙ። ደግ ሰው ኖሩም አልኖሩም፥ መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ የሚጠቅም መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ወደዚህ ያመጣቸው መንግሥታቸው ለውሃው የነበረው ፍላጎት ነው። ፈላጊ አጥኚ ይሆናል፤ ተፈላጊው ግን ካላጠና የውሉ ቃል በሌላው ብዕር ይጻፋል።

ከዚህ የተለየ ሌላ ምሳሌ ደግሞ አለን። የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጀርመን አገር ጎታ ተጠርተው ሄደው፥ ኢዮብ ሉዶልፍን ስለ ግዕዝ፥ ስለ አማርኛና ስለ አገራችን ነገር አስተማሩት። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ለብዙ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት መመሪያ ሆኖ የኖረው፥ ከመሠረቱ የአገሩን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ መምህር ስለ ነበረው ነው። እንግዳ ሲያጠናን አብረነው ከተቀመጥን ጥናቱ ይቃናል፤ ካልተቀመጥን ግን በግምት ይጽፍብናል።

በጣና ደሴቶች ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት እናስታውስ። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ ብዙዎቹን በፎቶግራፍ አንሥተው፥ ዝርዝራቸውን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጀርመንኛ አሳትመውታል። ስለዚህ ከቤታችን ፊት ለፊት፥ በታንኳ ተሻግረን በምንደርስበት ደሴት ያለውን መጽሐፍ ዝርዝር ለማንበብ ጀርመንኛ ማወቅ አስፈለገ ማለት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በቻይና ነገር ይኸው እንዳይደገም ያስፈራናል፤ ነገ ስለ ባሕር ዳር ገበያ የተጻፈውን ጥናት ለማንበብ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ እንዳንዞር ነው።

የቻይና ሰው ለጣና ዳር አዲስ እንግዳ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በጥር 1956 ዓ.ም. አሥመራ ድረስ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋግረዋል፤ የሁለቱ አገሮች የዲፕሎማቲክ ግንኙነት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግን ጎበኙ። ከዚያ ስምምነት ፍሬዎች አንዱ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ነው። ይህን ጋራውን የሚሰነጥቅ መንገድ ከሕዝባችን ጋር የሠሩት የቻይና መሐንዲሶችና ሠራተኞች ነበሩ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድያችንም የቻይና ሥራ ተቋራጭ የሠራው ነው። እንግዲህ ከወረታው መንገድ እስከ ድልድያችን ድረስ ባለው ዘመን ስለ እነዚህ ሰዎች ጠባይ፥ አሠራርና የውል ልማድ ከእኛ ወገን በመጽሐፍ ያኖረልን ማን ነው? አብረዋቸው የሠሩት አባቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ የመዘገበስ ማን ነው?

አንዳንድ አንባቢ፥ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ነጋዴ ምን አገባው? ይል ይሆናል። ነገሩ ግን በቀጥታ ከኪሳችን የሚገባ ነው። ለምሳሌ ያህል ሦስት ነገር እናንሣ።

አንደኛው፥ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ወደ ቻይና ምግብ የሚልኩ የውጭ አገር አምራቾችና አዘጋጆች በቻይና የጉምሩክ መሥሪያ ቤት መመዝገብ ግዴታ ሆኗል፤ የቅባት እህልና ያልተቈላ ቡናም በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ደንቡ፥ ማሻሻያውና ማስታወቂያው አስቀድሞ የሚወጣው በቻይንኛ ነው። ዜናውን ዘግይቶ የሚሰማ ሰሊጥ ላኪ፥ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ጭንቀት ያገኘዋል።

ሁለተኛው፥ ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቻይና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ካላቸው በኢኮኖሚ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ካሉት አገሮች ለሚገባው ዕቃ ሁሉ የጉምሩክ ቀረጥን አንሥታለች፤ አገራችንም ከእነዚህ አንዷ ናት። በሩ ተከፍቷል፤ ነገር ግን በተከፈተ በር የሚገባው የገዢውን ምርጫ የሚያውቅ ነው። የቻይና ሕዝብ ምን ዓይነት ማር፥ ምን ዓይነት ቡና፥ ምን ዓይነት ጥራጥሬ እንደሚወድ፥ በምን መጠን ታሽጎ እንደሚፈልገው ከእኛ መካከል አጥንቶ የሚነግረን ማን ነው?

ሦስተኛው ለአስመጪዎች ነው። በቻይና አዲስ ዓመት፥ እሱም በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ የሚውለው፥ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ፤ ከበዓሉ በፊት ያልተጫነ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በጓንግዡ የሚደረገው ታላቁ የንግድ ትርዒትም በየዓመቱ በጸደይና በመጸው ይከፈታል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ የባንኩን ሌተር ኦፍ ክሬዲት፥ የኮንቴይነሩን ጭነትና የመጋዘኑን ኪራይ በጊዜው ያሰናዳል፤ የማያውቀው ግን ወለዱ እየቈጠረበት ይጠብቃል።

በዪዉና በጓንግዡ አስተርጓሚ ሞልቷል የሚልም ይኖራል። እውነት ነው፤ አስተርጓሚ አለ። ነገር ግን ከሻጩ ኮሚሲዮን የሚቀበል አስተርጓሚ ምላሱ ወደ ማን እንደሚያዘነብል ለነጋዴ መንገር አያሻም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ሆኖ መገኘቱ ወደ ዐድዋ አድርሶናል። የአገር ውልና የሱቅ ውል በመጠን ቢለያዩም በጠባይ አይለያዩም፤ የማይነበብ ወረቀት ላይ መፈረም ለሁለቱም አደጋ ነው።

ስለዚህ የሚቻለውንና አቅማችን የሚፈቅደውን እናመልክት። ከሁሉ አስቀድሞ፥ ምክር ቤታችን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ የቻይናን ገበያና ቋንቋ የሚከታተል አንዲት ትንሽ ክፍል ቢያቋቁም ይገባል። ለመጀመሪያው ታላቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ቻይንኛ የሚማሩ ሁለት ትጉሃን ወጣቶች፥ ጠረጴዛና መጽሐፍ ይበቃሉ። ሥራቸውም የጉምሩክ ማስታወቂያውን፥ የትርዒቱን ቀንና የገበያውን ወሬ በየጊዜው ወደ አማርኛ መልሰው በዚህ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ይሆናል። ወጪውን አባሎች ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ሸክሙ ለማንም አይከብድም፤ አንድ ያለ ጊዜው የተጫነ ኮንቴይነር ከሚያስከትለው ኪሳራ ጋር ሲመዘን የሚያንስ ይመስለናል።

ሁለተኛ፥ ቻይና ደርሰው የተመለሱ ነጋዴዎቻችን ያዩትን ይጻፉ ወይም ያስጽፉ። የትኛው ዓይነት ዕቃ ከናሙናው ተለይቶ መጣ፥ ክርክር ሲነሣ በምን ዘዴ አለቀ፥ የክፍያው ልማድ እንዴት ነው የሚለው በየሰው ሆድ ተቀብሮ ስለሚቀር፥ እያንዳንዱ አዲስ ነጋዴ ያንኑ ስሕተት በራሱ ገንዘብ ይገዛዋል። ተወዳዳሪዬ ይሰማብኛል ብሎ መደበቅ ለአንድ ሰው ጥቂት ትርፍ ያስገኝ ይሆናል፤ ከተማውን ግን ያደኸያል።

ሦስተኛ፥ የቻይና ሊቃውንት ወደ ጣና ዳር ሲመጡ እንደ አገር ጎብኚ ብቻ አንቀበላቸው። የሚጠይቁትን በቅንነት እንመልስ፤ እኛም በተራችን እንጠይቃቸው። በኩንሚንግ ከተማ አጠገብ ያለው የዲያንቺ ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ በእምቦጭ የተቸገረ ነበር፤ በዚያ ምን እንደ ሞከሩና ምን እንዳልተሳካላቸው የሚነግረን ሊቅ ቢገኝ፥ ለዓሣ አስጋሪው፥ ለጀልባ ባለቤቱና ለሆቴል ባለቤቱ ሁሉ ይጠቅማል። ስለ ከተማችን የሚጽፉትንም ጥናት ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ትተውልን እንዲሄዱ እንለምን፤ አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ እንደ ሆኑለት ሁሉ፥ መምህር የሚሆናቸው ሰው ከእኛ እናቅርብ።

ከስልሳ ዓመት በፊት ቻይና አፍሪካን የምታጠናው በጥቂት የተተረጐሙ መጻሕፍት ነበር። ድኻ ሳለች ጀመረችው፤ በመከራ ዘመን እንኳ ጨርሳ አልጣለችውም፤ ሀብት ሲመጣ ዕውቀቱን ተዘጋጅቶ አገኘችው። እኛ ሀብታም ስንሆን እናጠናለን ብንል ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የአገራችን ሰው፤ ለነጋዴም ከመፈረም ማንበብ፥ ከመጫን ማወቅ ይቅደም። የምክር ቤታችን አባሎች በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ነገር አንሥተው እንዲመክሩበት በትሕትና እናሳስባለን።